አውራ ዶሮ ለማን ይጮኻል?

አውራ ዶሮ ንጋትን ያበስራል የሚለው የቆየ እምነት ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ሰው ለራሱ ያደላበት ግምት ነው። እውነቱ ዶሮው ጎህ ከመቅደዱ በፊት ሰዓቱን ጠብቆ መጮኹ ነው። ግምቱ ደግሞ ለእኛ ብሎ ይጮኻል ማለታችን ነው። በቦንጋና በዙሪያዋ ባሉት የካፋ ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የአገራችን ክፍል ሁሉ፣ ገበሬው በዶሮ ጩኸት ይነሳል፣ ካህኑ ለኪዳን ይሰናዳል፣ ሙስሊሙ ለሱብሒ ሶላት ይነቃል። ጴጥሮስ ጌታውን የካደበት ሌሊት የሚታወሰው በዶሮ ጩኸት ነው። ልጆችም ድብብቆሽ ሲጫወቱ «ኩኩሉ» ሲባሉ «አልነጋም» እያሉ የሚመልሱት ከዚሁ ወፍ ተበድረው ነው። ይህ ሁሉ ስለ ሰው ልማድ ብዙ ይነግረናል፤ ስለ ዶሮው ግን የሚነግረን ጥቂት ነው። የዶሮ ድምፅ በመጀመሪያ ለዶሮ የተላከ መልእክት ነው። ማን አለቃ እንደሆነ፣ ምግብ የት እንዳለ፣ አደጋ ከሰማይ ይምጣ ከምድር የሚያስታውቅ መልእክት ነው። ጓሮው ከጫካ በሚዋሰንበት እንደ ካፋ ባለ አገር ይህ መልእክት ዶሮን በሕይወት ከሚያቆዩት ነገሮች አንዱ ስለሆነ፣ ዶሮ አርቢውም ዶሮ አከፋፋዩም ከሥጋውና ከእንቁላሉ እኩል ሊያስበው ይገባል።

እውነት ከሆነው ግማሽ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ2013 በጃፓን ናጎያ ዩኒቨርሲቲ ሺሙራና ዮሺሙራ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አውራ ዶሮ የሚጮኸው ብርሃን አይቶ ነው ወይስ ከራሱ ውስጥ በሚመነጭ ስሜት የሚለውን ለመለየት ተነሱ። በመጀመሪያ ዶሮዎቹን 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ደግሞ ደብዛዛ ብርሃን በሚፈራረቅበት ክፍል አኖሯቸው። ዶሮዎቹ ደማቁ ብርሃን ከመብራቱ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድመው መጮኽ ጀመሩ። ቀጥሎ መፈራረቁን አስቀርተው ሌት ተቀን በማይለወጥ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ተዉአቸው። ንጋት የሚባል ነገር በሌለበት ክፍል ውስጥም ጩኸቱ ዑደቱን ጠብቆ ለተከታታይ ቀናት ቀጠለ። የዑደቱ ርዝመት 23.7 ሰዓት ነበር፤ ከአንድ ቀን በጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ አውራ ዶሮ በሰውነቱ ውስጥ ሰዓት አለው። የፀሐይ ብርሃን የሚያደርገው ያንን ሰዓት በየዕለቱ ማስተካከል ነው እንጂ ጩኸቱን ከምንም ተነስቶ መፍጠር አይደለም። ጨለማው ሳይገፈፍ፣ የካፋ ጭጋግ ገና ሸለቆው ውስጥ ተኝቶ ሳለ ጩኸቱ የሚሰማው ለዚህ ነው።

የዚህ ሰዓት ታማኝነት በእኛ አገር ይበልጥ ጎልቶ የሚታይበት ምክንያት አለ። ቦንጋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ሰባት ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት አይሞላም። ጥናቱ በተካሄደባት ናጎያ ግን ልዩነቱ ከአራት ሰዓት ያልፋል። በቦንጋ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትወጣው ከጧቱ 12 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የናጎያውን ልክ ብንወስድ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት የሚቀድመው ጩኸት ክረምት ከበጋ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ከሩብ እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይውላል። ቀኑና ሌሊቱ እንዲህ በማይዋዥቅበት አገር የዶሮ ጩኸት ከሰው ሰዓት ጋር ሁልጊዜ ይገጥማል፤ ሰውም ቢተማመንበት አያስደንቅም። ከንጋት ተነስተን ሰዓት የምንቆጥር ሕዝብ መሆናችን ደግሞ መተማመኑን የበለጠ ቀላል አድርጎታል። ነገር ግን አንድ ነገር በሰዓቱ መደረጉ ለምን እንደሚደረግ አይነግረንም። ደወል ሰዓቱን ጠብቆ የሚደወለው ሰዎችን ለመሰብሰብ ነው፤ ሰዓቱ መሣሪያ ነው፣ ዓላማው ሌላ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳ ቀላል የማይባል ተቃውሞ አለ። ዶሮው የሰውነት ሰዓት ካለው በቀትር ለምን ይጮኻል? የመኪና መብራት ግድግዳው ላይ ሲያርፍ፣ ወይም የጎረቤት ዶሮ ሲጮኽ በእኩለ ሌሊት ለምን ይመልሳል? የናጎያዎቹ ተመራማሪዎች ይህንንም ፈትነውታል። ብርሃን ሲበራበትም ሆነ የሌላ ዶሮ ጩኸት ሲሰማ አውራ ዶሮ በእርግጥ ይጮኻል። ሆኖም ያው ብርሃንና ያው ድምፅ ንጋት ሲቃረብ የሚቀሰቅሰው ጩኸት በሌላ ጊዜ ከሚቀሰቅሰው የበረታ ነው። ሰዓቱ ዶሮውን ለመጮኽ ያዘጋጀዋል፤ ከውጭ የሚመጣው ነገር ደግሞ ይገፋፋዋል። ይህ መልስ ክርክሩን ከመዝጋት ይልቅ ወደ ዋናው ጥያቄ ይመራል። አንዱ ሲጮኽ ሌላው የሚመልስ ከሆነ ነገሩ ንግግር ነው፤ ንግግር ከሆነ ደግሞ በእነማን መካከል ነው?

እ.ኤ.አ. በ2015 እነዚሁ ተመራማሪዎች ኦሃሺ ከተባለ ባልደረባቸው ጋር ያሳተሙት ሁለተኛ ጥናት መልሱን ግልጽ አድርጎታል። አብረው የሚኖሩ አውራ ዶሮዎች ተጣልተው ደረጃቸውን ከለዩ በኋላ በየሌሊቱ መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃው ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ በማዕረግ ቅደም ተከተል ይወርዳል። አለቃው ከመንጋው ሲወጣ ቀዳሚነቱን ሁለተኛው ይወስዳል። ዓላማው ንጋትን ማብሰር ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ በራሱ ሰዓት በጮኸ ነበር፤ ሰዓቱ ለሁሉም አለና። ታናሹ ግን ሰዓቱ ደርሶ እንኳ አለቃው እስኪጀምር ይጠብቃል። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1995 በካናዳ ዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ ሊዮናርድና ሆርን ባካሄዱት ጥናት ከፍ ያለ ማዕረግ ያላቸው ዶሮዎች ዝቅ ካሉት አብዝተው እንደሚጮኹ ታይቷል። እንግዲህ በሌሊት ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚሻገረው ጩኸት ይህ ጓሮ ባለቤት አለው የሚል የይዞታ ማስታወቂያ ነው። እኛ ንጋትን የምንሰማበት ድምፅ ለጎረቤቱ አውራ ዶሮ ማስጠንቀቂያ ነው።

ጩኸቱን ቀረብ ብሎ ላየው፣ አንድ ወፍ ለዚህ ማስታወቂያ ምን ያህል ጉልበት እንደሚያፈስ ይገባዋል። አውራው ከቆጡ ወርዶ ወይም አጥር ላይ ወጥቶ እግሩን ያደላድላል፤ ክንፉን ሁለት ሦስቴ ያራግባል፤ አንገቱን ወደ ላይና ወደ ፊት ይመዛል፤ የአንገቱ ላባ ይቆማል፤ ምንቃሩ እስከ መጨረሻው ይከፈታል። ድምፁ የሚፈጠረው እንደ ሰው ጉሮሮ ላይ ሳይሆን ደረት ውስጥ፣ የአየር ቧንቧው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ባለ የድምፅ ሳጥን ነው። የቤልጅግ አንትወርፕና ጌንት ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች ከዶሮው ጆሮ አጠገብ ሲለኩት ከ140 ዴሲቤል አልፎ ተገኝቷል፤ ይህ የሰውን ጆሮ ሊጎዳ የሚችል ድምፅ ነው። ዶሮው ራሱን የማያደነቁረው ምንቃሩን ሲከፍት የጆሮው ቦይ ስለሚጠብና የታምቡሩ ገሚስ በለስላሳ ሥጋ ስለሚሸፈን ነው። ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የወንድ ሆርሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1849 አርኖልድ በርትሆልድ የተባለ ጀርመናዊ በጎቲንገን ከተማ በስድስት ወጣት አውራ ዶሮዎች ላይ ሙከራ አድርጎ ነበር። የዘር ፍሬያቸው የወጣባቸው መጮኽና መዋጋት ተዉ፤ ቀይ ኩክኒያቸውም ሟሸሸ። ፍሬው ሆዳቸው ውስጥ መልሶ የተተከለላቸው ግን እንደ ማንኛውም አውራ ጮኹ። ነርቩ ተቆርጦ ሳለ ይህ መሆኑን ያየው በርትሆልድ መልእክቱ በደም ይተላለፋል ብሎ ደመደመ። ዛሬ የሆርሞን ሳይንስ ታሪክ ሲጻፍ ከዚህ የዶሮ ጩኸት ይጀመራል።

የሆርሞኑ ነገር በብዙ የአገራችን አካባቢዎች የሚፈራን አንድ ክስተት ይፈታልናል። ሴት ዶሮ እንደ አውራ ከጮኸች መጥፎ ምልክት ነው ተብሎ ብዙ ጊዜ ትታረዳለች። ሴት ዶሮ ግን እንቁላል የምታፈራው በግራ በኩል ባለው የእንቁላል ዕጢ ብቻ ነው፤ የቀኙ ሳያድግ ይቀራል። የግራው በበሽታ ወይም በእርጅና ሲጎዳ የሴትነቱ ሆርሞን ይቀንሳል፤ ሳያድግ የቀረው የቀኙ ደግሞ የወንድ ሆርሞን ወደሚያመነጭ አካል ሊለወጥ ይችላል። ያን ጊዜ ዶሮዋ ኩክኒዋ ያድጋል፣ ትጮኻለች፣ እንቁላል መጣሏንም ታቆማለች። አውራ በሌለበት መንጋ አለቅነቱን የያዘች ሴትም አንዳንዴ ትጮኻለች። ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1474 በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ እንቁላል ጣለ የተባለ አውራ ዶሮ በፍርድ ቤት ተከስሶ በእሳት ተቃጥሏል። የምትጮኽ ሴት ዶሮ የምታወራው ስለ ቤቱ ዕጣ ሳይሆን ስለ ገዛ ሰውነቷ ነው። ለአርቢውም ምልክቱ ጠቃሚ ነው፤ ያቺ ዶሮ ከእንግዲህ እንቁላል ላትሰጥ ትችላለች ማለት ነውና።

የዶሮ ድምፅ ለምን እንዲህ እንደረቀቀ ለመረዳት ወደ ጫካ መመለስ ያስፈልጋል። የዶሮ ሁሉ ቅድመ አያት በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ ዳርና በቀርከሃ ጥሻ ውስጥ የሚኖረው ቀይ የጫካ ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጡ ጥናቶች በእርግጠኝነት ለማዳ ነው የሚባለውን የመጀመሪያ የዶሮ አጥንት በማዕከላዊ ታይላንድ ባን ኖን ዋት በተባለ ሥፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1650 እስከ 1250 ባለው ዘመን አስቀምጠውታል። ወደ እኛም ቀደም ብሎ ደርሷል። በምሥራቅ ትግራይ ጉሎመኸዳ፣ መዝብር በተባለው ሥፍራ ተቆፍሮ የተገኘውና ሄሊና ወልደኪሮስና ካትሪን ዳንድሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳወቁት የዶሮ አጥንት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ820 እስከ 595 ባለው ዘመን ውስጥ የሚውል ነው፤ ከሰሐራ በታች በታወቀው የዶሮ ታሪክ እጅግ ቀዳሚው ነው። በጥሻ ውስጥ ዓይን ሩቅ አያይም፤ ባልንጀራን የሚያገኙት፣ ባላጋራን የሚያርቁት በድምፅ ነው። የካፋ ጓሮ ከዚያ የትውልድ አገር ጋር የሚመሳሰልበት ብዙ ነገር አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ የዱር ቡና የሚበቅልበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። በዙሪያው ያለው መኖሪያም ከእንሰት፣ ከቡናና ከዛፍ ጥላ ጋር የተሰናሰለ ነው። ሜዳ ላይ የምትውል ዶሮ ጭልፊቱን ከሩቅ ልታየው ትችላለች። እንሰት ሥር የምትጭር ዶሮ ግን ሌላ ያየላትን መስማት አለባት።

የሰሙት ነገር ምን ያህል ዝርዝር ነው ለሚለው የዛሬው ሳይንስ አስደናቂ መልስ አለው። አጥኚዎች ከ20 በላይ የተለያዩ የዶሮ ድምፆችን ለይተዋል፤ ከሁሉ በላይ የተጠኑት የአደጋ ጥሪዎች ናቸው። አሞራ በሰማይ ሲያንዣብብ አውራው የሚያሰማው ቀጭንና የተሳበ ድምፅ ነው፤ ከየት እንደመጣ ለመለየት አስቸጋሪ በመሆኑ ጠሪውን አያጋልጥም። ሸለምጥማጥ ወይም ውሻ በምድር ሲመጣ ግን ተደጋጋሚ፣ የተቆራረጠና ጉልህ «ካክ ካክ ካክ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ክሪስቶፈር ኢቫንስ፣ ሊንዳ ኢቫንስና ፒተር ማርለር አንዳች ጠላት በሌለበት ሁለቱን ጥሪዎች ለሴት ዶሮዎች በድምፅ ማጉያ አሰሙ። የሰማዩን ጥሪ የሰሙት ወደ መከለያ ሮጡ፣ ጎንበስ ብለው ወደ ላይ አዩ። የምድሩን የሰሙት አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ዙሪያቸውን ቃኙ። ድምፁ ብቻውን የአደጋውን ዓይነት ነግሯቸዋል።

«ይህ የፍርሃት ጩኸት ብቻ ነው፤ ሰው እሳት ሲነካው እንደሚጮኸው» የሚል ሊኖር ይችላል። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ዶሮው ብቻውን ሲሆንም እኩል በጮኸ ነበር። የማርለርና የባልደረቦቹ ሙከራዎች እንዳሳዩት ግን አውራው አሞራ ሲያይ አጠገቡ ዶሮ ካለች ብዙ ይጠራል፤ ብቻውን ከሆነ ዝምታን ይመርጣል። በጀርመን የቦንና የቦኹም ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ነገሩን በመስታወት ፈትነውታል። አውራ ዶሮዎቹ የአሞራ ጥላ ሲያልፍባቸው ከወንፊት አጥር ማዶ ሌላ አውራ ካለ ደጋግመው አስጠነቀቁ። ብቻቸውን ሲሆኑና ከፊታቸው የራሳቸው ምስል ብቻ ሲኖር ግን እምብዛም አልጠሩም። የማስጠንቀቂያው ጩኸት ሰሚ ይፈልጋል ማለት ነው። እዚህ ላይ አውራው ለመንጋው ነፍሱን የሚሰጥ ቸር ነው ወደሚል ሌላ ጫፍ መሄድም አይገባም። በሲድኒ ማኳሪ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት ከኩክኒ ትልቅነትም ሆነ ከሌላው ጌጥ ይልቅ የአውራውን የዘር ስኬት የሚተነብየው አደጋን አብዝቶ መጥራቱ እንደሆነ አግኝቷል። ጥሪው ለራሱ ትርፍ ነው፤ ግን ትርፉ የሚመጣው ሴቶቹና ጫጩቶቹ ሲተርፉ ስለሆነ የእርሱና የአርቢው ጥቅም አንድ ቦታ ላይ ይገናኛል።

የምግብ ጥሪውም እንዲሁ ነው። አውራው ትል ወይም በቆሎ ሲያገኝ ወዲያው አይውጠውም። በምንቃሩ ያነሳዋል፣ ይጥለዋል፣ መልሶ ያነሳዋል፤ ራሱን ከፍ ዝቅ እያደረገ ፈጠን ያለ ዝቅተኛ ድምፅ ይደጋግማል። ሴቷ ሮጣ መጥታ ከምንቃሩ ትወስዳለች ወይም የጣለውን ታነሳለች። ያገኘው የሚወደድ ምግብ ሲሆን ጥሪው ይበዛል፤ ሰሚው ሌላ አውራ ከሆነ ግን ዝም ብሎ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1988 ማርሴል ጋይገርና ማርለር እንዳሳዩት አንዳንዴ ምንም የሚበላ ሳይኖር ይጠራል፤ ይህን የሚያደርገውም ሴቷ ራቅ ብላ ያገኘውን ማየት በማትችልበት ጊዜ ነው። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለው ተረት ሰው ዶሮን ስለማታለሉ ነው፤ አውራውም ከሰው ሳይማር ይችልበታል። ማታለል መቻሉ ደግሞ ድምፁ ትርጉም ያለው ለመሆኑ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ ሰሚ የማያምነውን ነገር ተናግሮ ማታለል አይቻልምና።

የሴቷ ድምፅ ከአውራው ያነሰ ጎልቶ ቢሰማም በጥቅም አያንስም። እንቁላል ጥላ ስትነሳ የምታስካካው ለምን እንደሆነ አጥኚዎች አልተስማሙም። ከመንጋው ተለይታ ስለቆየች ባልንጀሮቿንና አውራውን ለማግኘት ነው የሚሉ አሉ፤ ከጎጆዋ ርቃ በመጮኽ የጠላትን ዓይን ከእንቁላሉ ለማራቅ ነው የሚሉም አሉ። ሁለቱ እርስ በርስ አይጣሉም። በአቀፈች ዶሮ ላይ ግን ክርክር የለም። ጫጩቶቹ በ21ኛው ቀን ከመፈልፈላቸው ከአንድ ቀን ያህል በፊት ቅርፊቱ ውስጥ ሆነው ድምፅ ማሰማት ይጀምራሉ፤ እናትየውም ትመልሳለች። ከተፈለፈሉ በኋላ የምግብ ጥሪዋ ትምህርት ቤታቸው ነው። በእንግሊዝ ብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ክሪስቲን ኒኮልና ስቱዋርት ፖፕ እ.ኤ.አ. በ1996 እንዳሳዩት ጫጩቶቿ ልትበላው የማይገባ ነው ብላ የተማረችውን መኖ ሲለቅሙ ያየች እናት የምግብ ጥሪዋንና መጫሯን ታበዛለች። ጫጩት ምን እንደሚበላ፣ መቼ እናቱ ክንፍ ሥር እንደሚገባ የሚማረው በድምፅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ተነስተን ወደ ዛሬው የዶሮ ርባታ ስንመለስ አንድ ክፍተት እናያለን። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና እንቁላልን ወደ ቤተሰብ ገበታ ለማምጣት ይሠራል። እንደ ሳሶ፣ ቦቫንስ ብራውንና ኮኮክ ያሉ ዝርያዎችም በአገሪቱ በስፋት ይሰራጫሉ። የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ስትሰጥ ለእንቁላል የተመረጡት የውጭ ዝርያዎች 300 ገደማ ስለሚሰጡ መንገዱ ትክክል ነው የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው። እንቁላል ለመጣል አውራ እንደማያስፈልግም የታወቀ ነው። በተዘጋ ቤት፣ በተመጣጠነ መኖ፣ በክትባት ለሚረባ ዶሮ ይህን ክርክር መቀበል ይገባል። ችግሩ የሚመጣው ያቺው ዶሮ ተፈታ ጫካ ዳር እንድትውል ስትደረግ ነው። ጫጩቷ በማሽን ተፈልፍላ ያለ እናት አድጋለች፤ የእንቁላል ዝርያዎቹ የመታቀፍ ጠባያቸው በምርጫ ተቀንሷል፤ ብዙውን ጊዜም የሚከፋፈሉት ሴቶች ብቻ ናቸው። የእናትን ጥሪ ሳይሰሙ አድገው፣ ሰማይን የሚጠብቅ አውራ ሳይኖራቸው፣ ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ወዳለበት ጓሮ ይለቀቃሉ። የአደጋ ጥሪ ከደማቸው ፈጽሞ አልጠፋም፤ የሚጠራላቸው ግን አነስተኛ ነው። ለጫጩት ሞት ትልቁ ተጠያቂ ፈንግልን የመሰለ በሽታ እንደሆነ አይካድም፤ ሆኖም ክትባት በሽታውን እንጂ ጭልፊቱን አይከለክልም።

መፍትሔው የአገር ዶሮን ብቻ አርቡ ማለት አይደለም። የካፋ ጎረቤት በሆነው በሸካ ያለውን ጨምሮ በርካታ የአገር ውስጥ የዶሮ ዓይነቶችን ንጉሤ ዳና እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት መዝግበዋል። ገበያ ላይም ገብስማው፣ ዝግርማው፣ ቆቅማው በላባ ቀለሙና በኩክኒው ነጠላ ወይም ድርብነት ዋጋው ይለያል። ድምፅና ንቃት ግን ሲመረጥ አይታይም፤ ቢሆንም ይህ ጠባይ ሊመረጥ ይችላል። የቱርክ ደኒዝሊና የጃፓን ቶተንኮ ዶሮዎች አንዱን ጩኸት ከ10 ሰከንድ በላይ እንዲያስረዝሙ የተደረጉት በትውልድ ምርጫ ነው። ለጌጥ ሲባል ጩኸትን ማስረዘም ከተቻለ፣ ለጥቅም ሲባል ቶሎ የሚያስጠነቅቅ አውራና ጫጩት የምትጠራ እናት መምረጥም ይቻላል። ዘር ለሚያሻሽሉ ተቋማት ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም። ለቤተሰብ ደግሞ የበለጠ ቀላል ነው፤ ለአሥር ሴት ገደማ አንድ ንቁ አውራ ማቆየትና የተከፋፈሉ ጫጩቶችን ከለመደች የአገር እናት ዶሮ ጋር ገና በትንሽነታቸው ማላመድ ነው።

የከተማ ሰው ደግሞ ሌላ አቤቱታ አለው፤ ጩኸቱ እንቅልፍ ይነሳል። ቦንጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አስተዳደራዊ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ቤት ከቤት እየተጠጋ ነው፤ አቤቱታው መምጣቱ አይቀርም። በፈረንሳይ ኦሌሮን ደሴት ሞሪስ የተባለ አውራ ዶሮ በጩኸቱ ተከስሶ የሮሽፎር ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2019 ለዶሮው ባለቤት ፈርዷል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጀመሪያ ደግሞ በዚያው አገር የገጠርን ድምፅና ሽታ እንደ ቅርስ የሚያስጠብቅ ሕግ ወጥቷል። እኛ ከሕግ በፊት እውቀት ቢቀድም ይሻላል። ታናናሾቹ አለቃውን ተከትለው፣ ጎረቤታሞችም እርስ በርስ እየተመላለሱ የሚጮኹ ስለሆነ በአንድ ግቢ ብዙ አውራ ከማኖር አንድ ማኖር ጩኸቱን ይቀንሳል። ማደሪያቸውን ከመንገድ መብራት መከለልም ይረዳል። ሰዓቱ በውስጡ ያለ ስለሆነ ግን ጨርሶ ዝም ማሰኘት አይቻልም።

እነዚህን ድምፆች ለመለየት ባለሙያ መሆን ያስፈልጋል ብሎ የሚያስብም መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት 194 ሰዎች የዶሮ ድምፅ እንዲሰሙ አድርጎ፣ ዶሮዋ የምትወደውን ነገር ስትጠብቅና ስትከለከል የምታሰማውን እንዲለዩ ጠይቋል። 69 በመቶው መልስ ትክክል ነበር፤ ዶሮ አርብቶ የማያውቀውም ከሚያረባው እምብዛም አልተለየም። ጆሮው ያለን ሁላችንም ነን፤ የጎደለን ትኩረት ነው። ስለዚህ በቦንጋና በዙሪያዋ ዶሮ የምታረቡ ሁሉ፣ አውራ ስትገዙ ከቀለሙና ከኪሎው ጋር ንቃቱን ተመልከቱ። ጧት ቆጡን ስትከፍቱ የለመዳችሁት ድምፅ ከቀረ፣ አተነፋፈሱ ካፏጨ ወይም መንጋው ዝም ካለ ፈንግልን ጠርጥራችሁ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጥሩ። ቀትር ላይ ቀጭኑ የተሳበ ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ወደ ሰማይ እዩ፤ ጭልፊቱን ቀድሞ ያየው አውራው ነው።